የባሕርይ ዕንቁ፣ የጠባይ ማኅተም

ባሕርይ ከባሕር የወጣ የግእዝ ቃል ነው፤ ጥንተ ፍቺውም ዕንቁ። በግእዙ ወንጌል፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 13፣ ነጋዴው ያለውን ሁሉ ሸጦ የገዛው ባሕርይ ነበር። ከዛጎል ወጥቶ «የነገር ምንነት» ወደሚለው ፍቺ ሲሻገር ጓደኛ አላጣም፤ ከፋርስኛ የመጣው የዐረብኛው ጀውሀርም ዕንቁም ነው፣ ምንነትም። ክብረ ነገሥት ላይ በአዳም ሆድ የተቀመጠች ዕንቁ በተመረጡት በኩል ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈች እስከ ማርያም ትደርሳለች። የተሸከማት ሰው አይለውጣትም። ስለ ውርስ ከተነገረው ሁሉ ይህን የሚያህል ውብ ሐሳብ አላውቅም። ዛሬም «በደሙ ያለ ነው» ስንል የምናስበው ይህችኑ ዕንቁ ነው።

ጠባይ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። ግእዙ ጠባይዕ ነው፤ የመጨረሻዋን ዕ አማርኛ እንደ ወትሮው ዋጣት፣ ዘርእን ዘር እንዳደረገው ሁሉ። በዐረብኛ ጠበዐ አተመ ማለት ነው፤ መጥበዓ ማተሚያ ቤት። በዕብራይስጥ ጣባዓት የማኅተም ቀለበት። እንግዲህ ጠባይ በሰው ላይ ያረፈ ማኅተም ነው፤ ማኅተም ደግሞ አታሚ እጅና የሚታተምበት ሰም ሳይገናኙ አይኖርም።

ዴንማርካዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ዊልሄልም ዮሃንሰን ከዚህ ሐሳብ ጋር የተገናኘው በቦሎቄ ነው። ራሱን በራሱ ከሚያራባ ከአንድ ዘር የወረደውን ቦሎቄ ከባድና ቀላል ብሎ ለየና ዘራው። የከባዱም የቀላሉም ልጆች በአማካይ ክብደታቸው እኩል ሆነ። በወንድማማቾቹ መካከል የነበረውን ልዩነት ያመጣው አፈሩና የበቀሉበት ሁኔታ እንጂ ዘራቸው አልነበረም። በ1909 እ.ኤ.አ. ለሁለቱ ነገሮች ስም አወጣ፤ የተወረሰው ጂኖታይፕ፣ ለዓይን የሚታየው ፌኖታይፕ። ጂን ከግሪኩ ጌኖስ፣ ወገን፤ ፌኖ ከፋይኖ፣ አሳያለሁ። ደስ ያሰኘኝ ግን ጅራቱ ነው። ታይፕ የግሪኩ ቲፖስ ነው፤ መትተው የሚያወጡት ምልክት፣ ማለትም ጠባይ!

ዘርና ኑሮ በሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባለውን ሕመም እንይ። ጉድለት ያለበትን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሕፃን ከፕሮቲን የሚገኘውን ፌኒልአላኒን ሰውነቱ በወጉ አይፈጨውም፤ ሳይታወቅ ከቆየ አእምሮው ይጎዳል። በተወለደ በጥቂት ቀን ተረከዙ ተወግቶ ደሙ ከተመረመረና ምግቡ ከተስተካከለለት ግን ያ ጉዳት ይቀራል። ዘረመሉ ያው ነው። ልዩነቱ ምርመራው በሚሠራበት አገር መወለዱና ምግቡን የሚያሟላ ቤት ማግኘቱ ነው። «ስንት እጁ ዘር፣ ስንት እጁ ኑሮ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሕፃን ላይ መልስ የለውም።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ በሁለት አፍ ይናገራል። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል፤ ባለጌ ሲገጥመው ደግሞ «አሳዳጊ የበደለው» ብሎ ይሰድባል፤ ዘሩን ትቶ ያሳደገውን ይከሳል። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ምክንያቴም «ለመደ» የሚለው ቃል ነው። በዕብራይስጥ ላማድ ተማረ ማለት ነው፣ ታልሙድም ከዚሁ ግንድ የወጣ ነው። በእኛም ለማዳ የሚባለው እንስሳ ከሰው ጋር መኖርን የተማረ ነው። ዘሩ ሳበው የተባለው ፈረስም ቢሆን ልጓም የለመደ ፈረስ ነው።