ለውቤ የታነጸች፣ ቴዎድሮስን ያነገሠች

ዳባትንና ደባርቅን አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ እንግዳ ዓይኑ የሚፈልገው ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ጅባራን ነው። ሳንቃበርንና ጭነቅን ያያል፣ ፎቶግራፉን ያነሣል፣ ይመለሳል። መንገዱ ግን እዚያ አያበቃም። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የቧሂትን በር ተሻግሮ ወደ ጃናሞራ ሲወርድ ደረስጌ ማርያም ትገኛለች። ዘመነ መሳፍንት የተዘጋው በዚህች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ጎንደርንና ላሊበላን ካየው ሰው ስንቱ ደረስጌን አይቷል?

ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ሰሜን የአባታቸው አገር ነው፤ በ1823 ዓ.ም. ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከወደቁ በኋላ ደግሞ ትግራይን ያዙ። በምጽዋ በኩል የሚገባው ጠመንጃ በእጃቸው ሆነ። ከግብፅ ጳጳስ እንዲመጣ መልእክተኞች ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ። ጠመንጃው አለ፣ ጳጳሱም አሉ፤ የቀረው ዘውድ ብቻ ነበር።

ዘውዱም በየካቲት 1834 ዓ.ም. እጃቸው ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ከራስ አሊ ጋር ገጥመው ድል አደረጉ። ድሉ በመብልና በመጠጥ ሲከበር ግን ከአሊ ወገን የሆኑት ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ባለድሉን ማረኩ። አሊ ከሽሽታቸው ተመለሱ፤ ውቤም ታርቀው ወደ ግዛታቸው ገቡ። ስለ ደረስጌ ባሰብኩ ቁጥር ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ዘውድ ፍለጋ ሰው አገር ወርደው የደረሰባቸውን ያዩ መስፍን፣ ሁለተኛውን ሙከራ በገዛ ተራራቸው፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሊያደርጉት መቁረጣቸው አይገርምም። ደረስጌ ማርያም የታሰበችው ለውቤ ንግሥ ነበርና።

ሥራውን እንዲመራ ውቤ የመረጡት ጀርመናዊውን ዊልሄልም ሺምፐርን ነው። ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ዕፅዋት ሊሰበስብ የመጣ ሰው ነው። ከሰሜንና ከትግራይ ተራሮች የለቀመው ቅጠልና አበባ እየደረቀ ወደ አውሮፓ ቤተ መዘክሮች ሄዷል፤ ዛሬም በሳይንሳዊ ስማቸው የእርሱን ስም የሚጠሩ ተክሎች ብዙ ናቸው። እርሱ ግን አገር ለመደ፣ አገባ፣ ከውቤም ሹመት አገኘ። በ1839 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሠዓሊው የአገሩ ልጅ ኤድዋርድ ዛንደር መጥቶ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እወዳለሁ። በእነዚያው ዓመታት ጀርመኖች በአገራቸው አንድ ትልቅ ሥራ ጀምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1248 ተጀምሮ ከመካከል የቆመውን የኮሎኝን ካቴድራል ለመጨረስ በ1842 እንደ ገና ድንጋይ አነሡ። ሕንፃው ጎቲክ ነው፤ ቅስቱ ሹል፣ ማማው ሰማይ የሚወጋ። የዚያ አገር ልጅ ሺምፐር ሰሜን ላይ የሠራው ግን ሹል አይደለም። ደረስጌ ማርያም ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ አላት፤ የመቅደሷም ግድግዳ እንደ ጎንደር ዘመን ልማድ በሥዕል የተሸፈነ ነው። የጎንደርን ግንብ ሁሉ ለፖርቱጋሎች የሚሰጥ ሰው ዛሬም አይጠፋም፤ ደረስጌንም «የጀርመን ሥራ» ብሎ ለማለፍ ይቀለዋል። ሺምፐር ሥራውን መርቷል፤ ይህ አይካድም። መልኩን የሰጣት ግን የአገሩ ሥርዓት ነው፤ ድንጋዩን የጠረበውም የአገሩ ሰው።

ቤቱ ተዘጋጀ፤ ንጉሡ ግን ሌላ ሆነ። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ራስ አሊን ጣሉ። በ1846 ዓ.ም. ደግሞ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ፤ ካሣ የጳጳሱን ሃይማኖት ሊያጸኑ፣ ጳጳሱም ካሣን ሊቀቡ። የቀሩት ትልቅ ባላንጣ ውቤ ነበሩ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ተጋጠሙ፤ ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። የካቲት 5 ቀን አቡነ ሰላማ ካሣን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቀብተው አነገሡ። ቤቱ የውቤ፣ ጳጳሱም በውቤ የመጡ፤ ዘውዱ ግን የካሣ።

ሕፃን በ40 ወይም በ80 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ስም ይወጣለታል። ካሣም በጎልማሳነታቸው ደረስጌ ላይ ሌላ ስም ተቀበሉ፤ ቴዎድሮስ ተባሉ። ስሙ እንዲያው የተመረጠ አልነበረም። ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገር ስለነበር ሕዝቡ ስሙን አስቀድሞ ያውቀዋል። በእኔ ግምት ከውቤ ጠመንጃ ሁሉ ይልቅ ለቴዎድሮስ የጠቀማቸው ይህ ስም ነው።

ሺምፐርና ዛንደርም ከውቤ ጋር አልወደቁም፤ ጌታ ለወጡ እንጂ። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲደርሱ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። ዛንደር በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሺምፐር ዓድዋ ተመልሶ በ1871 ዓ.ም. አረፈ።

የውቤ ቤት ከዘውዱ ጋር የተገናኘው በሌላ መንገድ ነው። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ እቴጌ ሆኑ፤ ዓለማየሁንም ወለዱ። ልጁ ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ግንብ፣ በጎቲክ አሠራሩ በታወቀው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በ2015 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጠየቅ፣ ቤተ መንግሥቱ በአቅራቢያው ያረፉ የሌሎችን አጽም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። ደረስጌን ያሠሩት የደጃዝማች ውቤ የልጅ ልጅ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።