አይ-ቤስት

አይ-ቤስት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የማኅበረሰብና የቴክኒክ ኮሌጆች ውስጥ መሠረታዊ ትምህርትን ወይም እንግሊዝኛን ከሙያ ሥልጠና ጋር አጣምሮ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በ10 ኮሌጆች ተሞክሮ ወደ ሌሎቹ ተስፋፋ።

ቀደም ሲል ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ሙያ ለመማር መጀመሪያ ቋንቋውንና ሒሳቡን መጨረስ ይጠበቅበት ነበር። ልጅ እያሳደገ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሙያው ላይ ሳይደርስ ያቋርጣል። አይ-ቤስት ይህን ቅደም ተከተል አፈረሰው፤ በአንድ ክፍል ሁለት መምህራን ይቆማሉ። አንዱ ብየዳን ወይም የነርስ ረዳትነትን ያስተምራል፤ ሌላው ለዚያው ሥራ የሚያስፈልገውን ንባብ፣ ስሌትና ቋንቋ። ቢያንስ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ አብረው ያስተምራሉ።

ሁለት ደመወዝ ማለት ግን ውድ ክፍል ማለት ነው። ግዛቱ ለአይ-ቤስት ተማሪ፣ ለአንድ መደበኛ የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚመደበውን በጀት 1.75 እጥፍ መፍቀዱ፣ ከማስተማሪያ ዘዴው ባልተናነሰ፣ ፕሮግራሙን ያጸናው ብልሃት ይመስላል፤ ኮሌጆቹ በኪሳራ እንዲያስተምሩ አልተጠየቁም።

የተማሪዎቹን የቤት ጣጣ ግን ክፍል ውስጥ መፍታት አይቻልም። ኦፖርቹኒቲ ግራንት የተባለው የግዛቱ ድጎማ እስከ 45 ክሬዲት የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል፤ ለመጻሕፍትና ለመሣሪያ እስከ 1,000 ዶላር ይሰጣል፤ ለድንገተኛ የትራንስፖርትና የልጅ ማቆያ ወጪም ይደርሳል።