የቆዩ መኪኖች እድሳት፦ ተመሳስሎ የተሠራ የፋብሪካ መለያ ፕሌት እና የባለንብረቱ ኃላፊነት

የቆየ መኪናን ወደ ቀድሞ ይዞታው የሚመልስ ባለንብረት የጠፋ ወይም በዝገት የተበላ የፋብሪካ መለያ ፕሌት መተካት ይፈልግ ይሆናል። ለዚሁ የሚውሉ፣ ተመሳስለው የተሠሩ ፕሌቶች በውጭ አገር ገበያ ይሸጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ በአገራችን በስፋት በሚታወቀው ቮልስዋገን ቢትል (በተለምዶ «ቮልስ») ምሳሌነት ያብራራል።

ፕሌቱ ምን ያረጋግጣል?

ፕሌት ተነቅሎ በሌላ መኪና ላይ ሊገጠም ስለሚችል ብቻውን የተሽከርካሪውን ማንነት አያረጋግጥም። ዋናው መለያ በአካሉ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ነው። በቮልስ ላይ ፕሌቱ በፊተኛው የዕቃ ማስቀመጫ ከተቀያሪ ጎማው ጀርባ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር በሻንሲው መካከለኛ ክፍል፣ የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው ማቀፊያ በታች ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ዘጠኝ አኃዝ ካለው የሻንሲ ቁጥር ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ ለምሳሌ በ117 የሚጀምር የ1967 ሞዴል ነው።

የተፈቀደውና የተከለከለው

ትክክለኛውን ቁጥር የያዘ ምትክ ፕሌት ምትክ መሆኑ ተገልጾ ሲገጠም የእድሳት ሥራ አካል ነው። የሌላ መኪና ቁጥር ወይም የተለየ የሞዴል ዓመት ጽፎ መለጠፍ ግን ገዢን ማታለል ሲሆን በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። የተመታውን ቁጥር መሞረድ፣ በብየዳ መሸፈን ወይም እንደገና መምታት አይገባም። የቮልስ ወለል በዝገት ቢበላ የግራና የቀኝ ወለሉ ለብቻው ስለሚቀየር ቁጥሩ ያለበትን ክፍል መንካት አያስፈልግም።

ባለንብረቱ ሊያሟላ የሚገባው

1. ከእድሳቱ በፊት ፕሌቱንና የተመቱትን ቁጥሮች ፎቶግራፍ ማንሳት፤
2. ነባሩን ፕሌት፣ የተበላሸ ቢሆንም፣ ከሰነዶች ጋር ማስቀመጥ፤
3. ሞተር ወይም ሻንሲ ሲቀየር ተሽከርካሪውን ለመዘገበው አካል አሳውቆ ማስመዝገብ፤
4. በሽያጭ ውል ላይ ፕሌቱ ምትክ መሆኑንና የተቀየሩ ክፍሎችን በግልጽ ማስፈር።

ለገዢዎች

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሊመዘገብና የቴክኒክ ምርመራ ሊደረግበት ይገባል። በመሆኑም ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት በፕሌቱ፣ በአካሉና በሊብሬው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያመሳክሩ። ልዩነት ካገኙ ክፍያውን አቁመው መዝጋቢውን አካል ይጠይቁ፤ የስርቆት ወይም የማጭበርበር ጥርጣሬ ካለዎት ለፖሊስ ያመልክቱ። ምትክ መሆኑ በግልጽ የተነገረለት ፕሌት የመኪናውን ክብር አይቀንስም፤ የተደበቀው ግን በሻጩም በሰነዱም ላይ ያለውን እምነት ያሳጣል።