ስለ ቅንአት ቃል ትርጓሜና አመጣጥ

ስለ አንድ ሠራተኛ «ለሥራው ቀናኢ ነው» ብለን ብንጽፍ ምስጋና ነው፤ «ቀናተኛ ነው» ብንል ግን ነቀፋ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ዐማርኛ፣ ኦሮምኛና ዐረብኛ በሚሰሙበት በባሌ ደጋ፣ በጎባና በሮቤ፣ ይህን ልዩነት መመርመር ሥራ መፍታት አይመስለንም።

ግንዱ በግእዝ ቀንአ ሲሆን የዕብራይስጥ ወንድሙ ቃና ነው። ኦሪት ራሔል በእኅቷ በልያ፣ ወንድሞቹም በዮሴፍ ላይ ያደረባቸውን ስሜት የጠራችው በዚህ ቃል ነው፤ በዘጸአት ምዕራፍ 20 ደግሞ በዚሁ ቃል እግዚአብሔርን ቀናኢ አምላክ ትለዋለች። ሉቃስ ሐዋርያው ስምዖንን ቀናኢ ይለዋል። ማቴዎስ የጻፈውም ቅጽል የዚያው ቃል አራማይስጥ ነው፤ አንዳንዶች ግን የአገር ስም መስሏቸው ከነዓናዊ አሉት። የግሪኩ ዜሎስም እንዲሁ ትጋትንና ቅናትን አንድ ላይ ይይዛል። ፈረንሳዮችማ ከእርሱ ባወጡት ዣሉዚ በሚለው ቃል፣ ሰው ሳይታይ ወደ ውጭ የሚያይበትን የመስኮት መከለያ ሳይቀር ጠሩበት!

ብዙ ጸሓፊዎች «ቅንዓት» እያሉ በዐይን ይጽፉታል፤ እኛ ግን አልፉን እንመርጣለን። ትግርኛ ቅናትን ቅንኢ ብሎ በአልፍ፣ ቀጥተኛውን ግን ቅኑዕ ብሎ በዐይን ይለያል። ዐማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ስለ ተወ ሁለቱ «ቀና» በሚል አንድ ድምፅ ተገናኙ፤ «ቀናው» ስንል መልካም ዕድል፣ «ቀናበት» ስንል ቅናት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ዐረብኛ ነገሩን ይከፍለዋል፤ ገይራ የራስን ክብርና ቤት መጠበቅ፣ ሐሰድ የሌላውን በጎ ነገር መጥላት ነው። የቁርኣን 113ኛው ምዕራፍ የሚያበቃው ከምቀኛ ክፋት ጥበቃን በመለመን ነው። ኦሮምኛ ሂናፋ ይላል፤ ቃሉም ቅናትንም ምቀኝነትንም ያቅፋል።

በ1950ዎቹ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች የመንግሥት ቋንቋ ዐማርኛ ስለ ነበረ፣ ዐማርኛ የማያውቅ ገበሬ አቤቱታውን የሚያሰማው በአስተርጓሚ ነበር። እንግዲህ ሰውየው «ሂናፋ» ቢል አስተርጓሚው ምን ይበል? በባልና በሚስት መካከል ከሆነ ቅናት ነው፤ ስለ ጎረቤት በሬ ከሆነ ምቀኝነት ነው። በዳኛ ፊት አንዱ ይቅርታን፣ ሌላው ጥርጣሬን ይጠራል። ዛሬ በሮቤ መሥሪያ ቤቶች የሥራው ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ስለዚህ «ቀናኢ» የሚል የዐማርኛ ደብዳቤ ሲተረጐም ምስጋናው በሂናፋ ወደ ስድብ እንዳይለወጥ፣ ተርጓሚው ከቃሉ ይልቅ የጸሓፊውን ሐሳብ መከተል ይኖርበታል።