የአክስቴ ነጠላና አሮጌዋ ፉጂ

አክስቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ካሜራዬን ይዤ ጎባ በሄድኩ ቁጥር “እኔን ተወኝና ተራራውን አንሳ” ትለኛለች። አንድ እሁድ ግን ከሰንበቴ መልስ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች በሩ ላይ ቆማ ፈቀደችልኝ። መጀመሪያ በስልኬ አነሳኋት። ፊቷ ጠቆረ። ፊቷ ይታይ ብዬ ብርሃን ስጨምር ደግሞ ነጠላው ክር የሌለው ነጭ ወረቀት መሰለ። ቀጥዬ አሮጌዋን ፉጂ ከቦርሳዬ አወጣሁ። በዚህኛው ፎቶ ላይ የፊቷ መስመር፣ የጥለቱ ቀለም፣ የፈትሉ ውፍረትና ቅጥነት ሁሉም አለ። አክስቴ በካሜራው ጀርባ ላይ ረጅም ጊዜ አየችውና “ይቺን አሳጥባት፤ ለለቅሶዬ ትሆናለች” አለችኝ።

ለመሆኑ ብዙዎች ከጣሉት ቆይተው ያሉት ዲጂታል ካሜራ እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያወጣው በምን ምክንያት ነው?

ገንዳውና ጠርሙሱ

ካሜራዬ ፉጂፊልም ፋይንፒክስ ኤስ5 ፕሮ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሆና በ2007 ገበያ ላይ ዋለች። አካሏ የኒኮን ዲ200 ነው፤ የምትቀበለውም የኒኮንን ሌንስ ነው። ሴንሰሯ ግን እ.ኤ.አ. በ1934 ፊልም ለማምረት የተቋቋመው የፉጂ የራሱ ሥራ ነው።

የተለመደው ሴንሰር ብርሃን የሚያጠራቅሙ ሚሊዮን ትናንሽ ነጥቦች አሉት። አንዱ ነጥብ ከሞላ በኋላ የሚመጣው ብርሃን ሁሉ አይቆጠርም። ውጤቱ ባዶ ነጭ ነው። የኔጌቲቭ ፊልም ጠባይ ከዚህ ይለያል፤ ብርሃኑ ሲበዛበት በአንዴ አይቆረጥም፣ ቀስ እያለ ወደ ነጭ ይጠጋል። ፉጂዎች ይህን ጠባይ ወደ ዲጂታል ለማምጣት በሴንሰሩ ላይ 6.17 ሚሊዮን ትልልቅ ነጥቦችና በአጠገባቸው 6.17 ሚሊዮን ትናንሽ ነጥቦች ደረደሩ።

ነገሩን ለመረዳት ዝናብ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ አፈ ሰፊ ገንዳና አፈ ጠባብ ጠርሙስን ያስቡ። ዶፉ ሲወርድ ገንዳው ቶሎ ሞልቶ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ምን ያህል እንደዘነበ የሚነግረን ጠርሙሱ ነው። ትልልቆቹ ነጥቦች ጥላውንና ፊቱን ሲመዘግቡ፣ ትናንሾቹ የደመናውንና የነጠላውን ንጣት ይይዛሉ። ካሜራዋ ሁለቱን ታዋህዳለች። የዚህ ውህደት መጠን ከ100 እስከ 400 በመቶ ድረስ ሊስተካከል ይችላል።

የፊልም መልክ ሁሉ አይናፈቅም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። የድሮው የቀለም ፊልም ለእኛ ዓይነት ፊት ደግ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የውጭ ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት “ሸርሊ” በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። ጥቁር ፊት ብዙ ጊዜ ዝርዝሩ ጠፍቶ የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ እኔ ከፊልም የምፈልገው የደበዘዘውን ትዝታ ሳይሆን ለነጭ ነገር ያለውን ትዕግሥት ነው። ነጩ እንደማይቃጠል ካወቅሁ፣ ብርሃኑን ያለ ስጋት ለፊቱ መለካት እችላለሁ።

ባሌ ላይ

ይህ ትዕግሥት ከየትም ይልቅ የሚያስፈልገው ደጋ ላይ ነው። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ግድም ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ፀሐይዋ ትበረታለች፤ ብርሃኑና ጥላው እንደ ቢላ ይለያያሉ። ቀይ ቀበሮ ጀርባው እሳት መሳይ ቀይ፣ ደረቱ ደግሞ ነጭ ነው። ብዙ ካሜራዎች ከሁለቱ አንዱን ይገድላሉ። ጅብራው ላይ ያደረው ውርጭም እንደዚያው ነው።

ከልምዴ የምለው ይህን ነው። በጠራራ ፀሐይ 400 በመቶ፤ ጭጋግ ሲሆን ግን 100 ይበቃል፣ አለዚያ ፎቶው ይፈዛል። ለሰው “ኤፍ1” የሚለውን፣ ለሮቤ የስንዴ ማሳ “ኤፍ2” የሚለውን የቀለም ምርጫ እጠቀማለሁ። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ትርፉን ባትሪ ደረት ኪስ ውስጥ መያዝ ነው።

መግዛት ለሚያስብ

ጉድለቷን አልደብቅም። ማስታወቂያዋ 12 ሚሊዮን ፒክስል ቢልም የምስሏ ጥራት ወደ ስድስቱ ይጠጋል። በሰፊው የብርሃን ምርጫ በሰከንድ አንድ ተኩል ፎቶ ብቻ ነው የምታነሳው፤ የሚሮጥ ቀበሮ አይጠብቃትም። ምሽት ላይ አይኤስኦው ሲጨምር ምስሉ ይሻክራል። ሮው ፋይሏ እስከ 25 ሜጋባይት ይደርሳል፤ ካርዷም ዛሬ እንደ ልብ የማይገኘው ኮምፓክት ፍላሽ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ባትሪውን ያጣሩ። የኒኮኑ ባትሪ ቅርጹ አንድ ሆኖ ሳለ እሷ አትቀበለውም። የራሷ ባትሪ ሳይኖር ካሜራዋን ብቻ የሚሸጥ ሰው ካጋጠመዎ ይለፉት። ደግነቱ የድሮ የኒኮን ሌንሶች፣ በእጅ የሚስተካከሉትም ጭምር፣ ይሠሩባታል።

የዛሬዎቹ ትልልቅ ካሜራዎች በሮው ከተነሳባቸው ይህን የብርሃን ስፋት ይደርሱበታል፤ የሚበልጡትም አሉ። ስልኮችም በርካታ ምስሎችን በፍጥነት እያነሱ በመደረብ ብዙ ተሻሽለዋል። ይሁንና ስልኩ ሲያዋህድ ብዙ ጊዜ ጥላውንም ፀሐዩንም እኩል ያደርገዋል፤ በትልልቆቹ ካሜራዎች የተነሳውን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ማስተካከል ይጠይቃል። አሮጌዋ ግን ያየችውን እዚያው ጨርሳ ትሰጣለች።

አክስቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ያቺ ፎቶ እንዳለችው ለለቅሶዋ ሆነች፤ ድንኳኑ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ልታስተዛዝን የመጣች አንዲት የዕድሜ እኩያዋ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና በጣቷ ነጠላውን ነካች። “ይሄን ፈትል እኔ ነኝ የፈተልኩላት” አለች።