ከነጠላ እስከ አባያ፦ የኮልፌ ሙስሊም ሴቶች አለባበስ

ከመርካቶ በስተምዕራብ ያለው ኮልፌ ቀራኒዮ ከጉራጌና ከስልጤ የመጡ ብዙ ሙስሊም ነጋዴዎች ቤተሰብ የመሠረቱበት ክፍለ ከተማ ነው። በንጉሡም በደርግም ዘመን የነዚህ ቤተሰቦች ሴቶች ሲወጡ ሻሽ ያስሩ፣ ከላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ ጣል ያደርጉ ነበር። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው በልብስ ለመለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግር ነበር።

ስለ አለባበስ ከውጭ የመጣው የሃይማኖት ትምህርት ሰፈሩ የደረሰው በወንዶች በኩል ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የመዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ስለነበር፣ ሴት እንዴት ትልበስ የሚለው ጉዳይ የተጠናው ሴቷ በሌለችበት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በሐጅና በሃይማኖት መጻሕፍት ላይ የነበረው ገደብ ሲነሣ ኪታቡም ካሴቱም ገባ። ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሄዱት ደግሞ ጥቁር አባያ በሻንጣ ይዘው መጡ። እዚያ የዕለት ልብስ የነበረው እዚህ የዒድ ልብስ ሆነ።

ሴቶቹ ራሳቸው ለትምህርት መውጣት ሲጀምሩ ያገኙት አንድ ወጥ ሥርዓት አልነበረም። በካርቱም ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማረች ልጅ የሱዳን ሴቶችን ቶብ ታያለች፦ ከ4 ሜትር በላይ የሆነ፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠም፣ ብዙ ጊዜ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ። መሸፈን ማለት ጥቁር መልበስ ነው ብላ ላደገች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቱርክ ውስጥ ከ2010 እ.ኤ.አ. ገደማ በፊት ሒጃብ ከዩኒቨርሲቲ ታግዶ ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ተማሪዎች በሻርፑ ፈንታ ዊግ አድርገው ይገቡ ነበር። ማሌዥያ ውስጥ ደግሞ ቱዱንግ የሚባለው ባለብዙ ቀለም የራስ ሻርፕ የቢሮም የገበያም ልብስ ነው።

ስለዚህ «ውጭ ተምራ ጠነከረች» ወይም «ላላች» የሚለው የሰፈር ፍርድ ነገሩን ያቀለዋል። አገር ቤትም ቢሆን ድንበር ነበረ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ኒቃብን ከትምህርት ተቋማት ሲያግድ ሒጃብን አልከለከለም። ተመላሿ በዚህ መካከል ትመርጣለች፦ ፊቷን ሳትሸፍን አባያውን ትለብስና ሻርፑን በመርፌ ቁልፍ ከአገጯ ሥር አጥብቃ ትይዛለች፤ ለለቅሶ ቤት ግን ነጠላው ዛሬም አልቀረም።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከሁሉም የሚቀርበው የትምህርት መንገድ ተቋረጠ።