በመቀስና በማጣበቂያ የተጠበቀ ታሪክ

ከጋዜጣ የተቈረጠ ጽሑፍና ሥዕል በደብተር ላይ እየለጠፉ ማኖር በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ በየቤቱ የተለመደ የእጅ ሥራ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ለልማዱ መስፋፋት ዋናው ምክንያት የጋዜጣ መርከስ ነው። የማተሚያ መኪና ፍጥነት እየጨመረ ሲሄድ፣ ኋላም ወረቀት በጨርቅ ፈንታ ከእንጨት መሠራት ሲጀምር፣ ዛሬ ተነቦ ነገ የሚጣለው ጽሑፍ በዛ።

ሥራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። መቀስና፣ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ የበሰለበት ማጣበቂያ ይበቃል። ባዶ ደብተር ያላገኘ ሰውም ያረጀ የሒሳብ መዝገብ ወይም ማንም የማያነበውን የመንግሥት ሪፖርት ወስዶ በጽሑፉ ላይ ይለጥፍበት ነበር። ደራሲው ማርክ ትዌይን ገጹ አስቀድሞ ሙጫ የተቀባ፣ ውኃ ሲነካው ብቻ የሚያጣብቅ ደብተር ፈልስፎ በ1873 የፈጠራ መብት ማግኘቱ ልማዱ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደ ነበር ያስረዳል።

ይህ ሥራ ለብዙዎች መዝናኛ ሲሆን ለጥቁር አሜሪካውያን ግን ከዚያ የበለጠ ነበር። ነጮች የሚያሳትሟቸው ጋዜጦች ስለ ጥቁሮች የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ወንጀል ወይም መሳለቂያ ሲያገኙ ነበር፤ ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍትም ታሪካቸውን ለመጠበቅ እምብዛም አልተጉም። ስለዚህ ታሪኩ እንዳይጠፋ የሚሻ ሰው ራሱ መዝገብ ጠባቂ መሆን ነበረበት።

ከእነዚህ አንዱ በ1837 የተወለደው የፊላዴልፊያው ዊልያም ሄንሪ ዶርሲ ነው። አባቱ ቶማስ ዶርሲ ከባርነት አምልጦ በድግስ አዘጋጅነት ሀብትና ስም ያገኘ ሰው ነበር። ልጁ ሥዓሊና ሰብሳቢ ሆኖ ከ380 የሚበልጡ ደብተሮችን አዘጋጀ፤ ነጮችም ጥቁሮችም ከሚያሳትሟቸው ጋዜጦች እየቈረጠ በየርእሱ ለያቸው። ከርእሶቹም አንዱ መቶ ዓመት የሞላቸው ጥቁር አረጋውያን ነበር። እንዲህ ያለው ዜና ብቻውን ሲነበብ ለጋዜጣው አንባቢ ተራ ወግ ነው፤ ከመሰሎቹ ጋር ጎን ለጎን ሲለጠፍ ግን ባርነትን አይቶ የተሻገረ ትውልድ ምስክርነት ይሆናል። ዶርሲ በአደራደሩ ታሪክ ጻፈ።

ዶርሲ በ1923 ከሞተ በኋላ ደብተሮቹ ለረዥም ጊዜ ተረስተው ቆዩ። በ1970ዎቹ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው የቼይኒ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተገኙ፤ በ1991ም የታሪክ ጸሓፊው ሮጀር ሌን በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ ስለ ፊላዴልፊያ ጥቁሮች መጽሐፍ አሳተመ።

ሆኖም እንዲህ ያለው ምንጭ ጥንቃቄ ይሻል። ቈራጩ የጋዜጣውን ስምና ቀን ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል፤ መርጦ የተወውንም አናይም። ከእንጨት የተሠራው ወረቀት ደግሞ በውስጡ ባለው አሲድ ምክንያት እየወየበ ይፈረፈራል፤ የዱቄቱም ማጣበቂያ ተባይ ይስባል። ጋዜጣውን ያረከሰው ወረቀት መዝገቡን የሚያጠፋው እርሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያለ የተለጣጠፈ ደብተር እንደ ልጆች ጨዋታ ተቈጥሮ ከመጣሉ በፊት ማን፣ ከምን ቈርጦ፣ ለምን እንዳኖረው መመርመር ይገባል።